በር የምትሞላ ሴት

ባለመድኃኒት ቤቷ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ መስታወቱ ፊት ቀጥ ብላ፣ እጆቿን ከጎኗ ፈንጠር አድርጋ ቆማለች። ልኳ ሲወሰድ እንኳ አፏ አላረፈም።

«ጠበቅ አድርገሽ ለኪኝ፤ ልቅ ልብስ አልወድም። የእህታችን ልጅ የምትመረቅበት ቀን ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የሚያየው እኔን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በደንበኛዋ ወገብ ዙሪያ አዞረችና ቁጥሩን በልቧ ያዘች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከእናቷ በወረሰችው በዚህ ባለ አንድ በር ሱቅ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ስትሰፋ፣ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ደረት፣ ወገብና ዳሌ በቃሏ አጥንታለች። የራሷን ግን ለክታ አታውቅም። ለራሷ የምትቀደው በግምት ነው፤ ያውም ሰፋ አድርጋ። በልጅነቷ አባቷ «ድንቡሼ» እያለ ይጠራት ነበር፤ ያኔ ስሙ ከመሳም አይተናነስም። ዛሬም የሚያውቋት ሁሉ ድንቡሼ ይሏታል። አሁን አሁን ግን ስሙ ልብስ ውስጥ እንደተረሳ መርፌ ሳታስበው ይወጋታል።

«ወንድም አለሽ?» አለች ባለመድኃኒት ቤቷ።

«የለኝም እትዬ።»

«ታድለሻል! የኔው በእጄ ያደገ ነው። እናት አባታችን ቶሎ ሄዱብን። ሃያ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሳንባውን ታሞ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ዋለ። በማንኪያ ያበላሁት እኔ ነኝ። ዳነልኝ፤ ሥጋ ግን አልያዘለትም። ይኸው በሠላሳ ስድስት ዓመቱም ስንጥር እንዳከለ አለ። ሰዉም ስንጥሩ ብሎት ቀረ። አሁን ደግሞ ማታ ማታ ነርስነት ካልተማርኩ አለኝ።»

የልብስ ሰፊዋ እጅ ደንበኛዋ ወገብ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«መማሩስ ባልከፋ» ቀጠለች ሴትዮዋ። «ካንዲት የክፍሉ ተማሪ ጋር አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሲሳሳቅ አይተውት መጥተው ነገሩኝ። እንዴት ያለች ናት ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹በር የምትሞላ ሴት› አሉኝ!» ሳቀች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ውፍረት ማለት ነገ ደም ግፊት፣ ከነገ ወዲያ ስኳር ነው። መድኃኒቱን ቀን በቀን የምሸጠው እኔ ነኝ። አንድ በሽተኛ አስታምሜ አንሥቻለሁ፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን በአስታማሚነት ሊጨርስ? በቁሜ አይሆንም! ደሞስ ጎን ለጎን ሲቆሙ እስቲ አስቢያቸው።»

ይህን ብላ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላዋ የቆመችውን ሴት አስተዋለቻት። «አንቺ ደግሞ እንዳትቀየሚኝ። ያንቺ እንኳ ሥራሽ መቀመጥ ነው፤ ምን ታደርጊ።»

«ኧረ ምን ገዶኝ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ክንድዎን ከፍ ያድርጉልኝ።»

ሴትዮዋ ሄደች። መስታወቱ የደንበኞች ነው፤ ድንቡሼ ሁልጊዜ ከኋላቸው ቆማ ግማሽ ፊቷን ብቻ ታይበታለች። ያን ቀን ግን ፊት ለፊቱ ቆመች። የሱቁን በር አየች፤ ራሷን አየች፤ እንደገና በሩን አየች።

*

እሷና ስንጥሩ በፍቅር ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ሁለቱም ማታ ማታ ነርስነት የሚማሩበት ኮሌጅ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ቦታ አልፈለገም። እሱ የአጥንት ስሞችን ሲያጠና እሷ ታርመዋለች። እሱ ደግሞ ትምህርቱ ሲያልቅ ፌርማታው ድረስ ይሸኛታል። አንድ ምሽት ድንገት ሲዘንብ ቦርሳውን እሷ ራስ ላይ ዘርግቶ እሱ እንደ ፎጣ በሰበሰ። አውቶቡሱ ሲመጣ «ደህና እደሪ» ከማለት ሌላ የወጣው ቃል የለም፤ ዓይኑ ግን በመስኮቱ እስክትርቅ ድረስ ብዙ ተናግሯል። ልብስ ሰፊ ናትና ሌላም ነገር አይታበታለች። በዚያ ሙቀት ከኮቱ ሥር ሁለት ሹራብ ይደርባል። ለሳንባው ፈርቶ ነው ብላ አስባ ዝም አለች።

እህቱ ሱቁን በረገጠች ማግስት ግን ድንቡሼ ከዴስኩ ተነሥታ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። መብላትም ተወች። ጠዋት ሙቅ ውኃ፣ ቀን አንድ ኪያር፤ ማታ ማንም ሳይጠይቃት «በልቼ ነው የመጣሁ» ትላለች። በሳምንቱ ቀሚሷ ላላት፤ ደስ አላት። በሁለተኛው ሳምንት ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃታት፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሱንም ከመክሳት ቆጠረችውና ደስ ለመሰኘት ሞከረች።

ነገሩ የገባት የአውቶቡስ ሾፌሯ ብቻ ናት፤ አርባ አምስት የሞላት፣ ድምጿ ከመኪናዋ ጥሩምባ የማይተናነስ የክፍል ጓደኛዋ።

«አንቺ ልጅ፣ መኪና እንኳ ያለ ነዳጅ አይሄድም» አለቻት አንድ ማታ በደረጃው ሲወርዱ። «ምን ሆነሻል? ከዚያ ልጅስ ምን አጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ጎን ለጎን ስንሄድ ሰው ይስቃል። በቃኝ።»

ከላያቸው፣ በደረጃው ማጠፊያ ላይ፣ ይወርድ የነበረ እግር ቆመ። ሁለቱም ቀና ብለው አላዩም።

በሦስተኛው ቀን ደብተሯ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ጽሕፈቱን ገና ሳትከፍተው ለየችው።

«ድንቡሼ፣ ከጎኔ ከተነሣሽ አሥራ አራት ቀን ሆነ። ምክንያቱን ሳላውቀው አልቀረሁም፤ ስለሱ አላስቸግርሽም። ግን ሰሞኑን መልክሽ ልክ አይደለም። ትናንት ደረጃውን ስትወጪ ግድግዳ ስትደገፊ አይቻለሁ። አንቺን እንዲህ ማየት ከብዶኛል። ራስሽን ጠብቂ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ በሦስቱም ጊዜ ዓይኗ የሄደው ወደ አንድ ቃል ነው። አዘንኩ ማለት ይችል ነበር። ጨነቀኝ፣ ቸገረኝ፣ አላስቻለኝም ማለት ይችል ነበር። ስንቱ ቃል ሞልቶ ሳለ «ከብዶኛል»ን መረጠ! ደብዳቤውን የጥፍር ያህል እስኪያንስ አጣጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ደበቀችው። ሌሊቱን በተገላበጠች ቁጥር እየቆረቆራት አደረች።

*

ቅዳሜ ከሰዓት የተግባር ትምህርት ነበር። አስተማሪያቸው፣ ፀጉሯ የሸበተው ሲስተር፣ ሚዛኑን ከክፍሉ መሐል አስቀመጠች።

«ሰው ከመመዘናችሁ በፊት መመዘን ምን እንደሚመስል እወቁ» አለች። «ሁለት ሁለት ሆናችሁ፤ አንዱ ይወጣል፣ ጓደኛው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። ዝርዝሩ ከሐሙስ ጀምሮ ተለጥፏል።»

ልጅ ያደረሱ፣ ደመወዝ የሚከፍሉ፣ በሥራ ቦታቸው የሚፈሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንደ ሕፃን ሆኑ። ጠጅ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ቀልዱም በዛ። አንዱ ቀበቶውን ፈታ። አንዱ ቦርጩን ሳብ አድርጎ ትንፋሹን ያዘ። ሾፌሯ ጫማዋን፣ ሰዓቷን፣ በመጨረሻም የጆሮ ጌጧን አወለቀች። «ምን ታዩኛላችሁ? ይሄም ኪሎ አለው!»

ድንቡሼ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ውኃም አልቀመሰችም። ዝርዝሩ ላይ ከስሟ አጠገብ የተጻፈው የስንጥሩ ስም ነበር።

መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው። ሲስተር «ኮትህን» ስትለው ጥቂት አመነታና አወለቀ። ወደ ድንቡሼ ሳያይ ሚዛኑ ላይ ቆመ። መርፌው ተንቀጥቅጦ ረጋ።

«ሃምሳ... ሃምሳ አራት» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

ዓይኗ ግን ቁጥሩ ላይ አልቆየም። ስፌት ለባለሙያ አይዋሽም። የሱሪው ወገብ ወደታች ተጎትቷል፤ የግራ ኪሱ ጠርዝ ላይ ክሩ አንድ በአንድ እየተበጠሰ ነበር። አፏን ከመክፈቷ በፊት ኪሱ ተተረተረና ከባድ ነገር ወለሉን መታው። አንድ ሌላም ተከተለው። ከነሐስ የተሠሩ የድሮ የመድኃኒት ቤት ሚዛን ድንጋዮች ነበሩ። አንደኛው እየተንከባለለ መጥቶ ጫማዋ ሥር ቆመ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ስንጥሩ ነፋስ እንዳይወስደው መልሕቁን ይዞ መጣ!» አለ ቀበቶውን የፈታው ሰውዬ።

ስንጥሩ ወደ ሳቁ አልዞረም። ያየው እሷን ብቻ ነው፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ። ከሚዛኑ ወረደ፤ ኮቱን እንኳ ሳያነሣ ወጣ።

«ዝም በሉ!» አለች ሲስተር። «ድንቡሼ፣ ተራሽ ነው።»

ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሣችው። አንድ ኪሎ ይላል። በመዳፏ ይዛው ሚዛኑን አለፈችና በሩን ከፍታ ተከተለችው። ለምን እንደምትከተለው አላወቀችም፤ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ከእሷ ቀድሞ እየሮጠ ነበር።

*

ከሕንፃው ጀርባ፣ ለመለማመጃ የሚነጠፉት አንሶላዎች በተሰጡበት ገመድ አጠገብ ቆሞ አገኘችው።

«ሂጂ ተመዘኚ» አላት ሳይዞር።

«ይህን ድንጋይ ምን አሸከመህ?»

«ምን ይመስልሻል?» ዞረ። «‹ጎን ለጎን ስንሄድ ሰው ይስቃል› አላልሽም? ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። እውነትሽን ነው! እኔ አጠገብሽ ስቆም የጃንጥላ ዘንግ እመስላለሁ። ሳይርበኝ እበላለሁ፤ ሹራብ በሹራብ ላይ እደርባለሁ፤ ይሄ ሥጋ ግን እልኸኛ ነው። ቁጥሬን የምታነቢው አንቺ መሆንሽን ሳይ... ሃምሳ አንድ ብለሽ ስትጮኺ መስማት አልቻልኩም። በቃ።»

ድንቡሼ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣች።

«እኔ ያልኩት ስለ ራሴ ነው!»

«ስለ ራስሽ? አንቺ ደሞ ምን ሆንሽ?»

ጥያቄው ከልቡ ነበር። እሱ ነው ያናደዳት።

«አታይም? ዓይን የለህም? ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰው እንዴት እንደሚያየኝ አታይም? ደሞ ምን ሆንሽ ትለኛለህ! ራስህ ጽፈህልኝ የለም እንዴ፤ ‹አንቺን ማየት ከብዶኛል› ብለህ!»

«ከብዶኛል ማለት...» አለና ቃሉ ድንገት ፊቱ ላይ ፈነዳበት። «የፈጣሪ ያለህ! ድንቡሼ፣ አንጀቴን በላሽው ማለቴ ነው! እንቅልፍ ነሣሽኝ ማለቴ ነው!»

«ታዲያ እንደሱ ብለህ አትጽፍም?»

«እንደሱማ ከጻፍኩ ሌላውንም ልጽፍ ነዋ!»

«የቱን ሌላ?»

አንሶላዎቹ በመካከላቸው በነፋስ ተነፍተው ወረዱ። በዚያችው ቅጽበት መሬቱ ከእግሯ ሥር ሸሸባት። ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ። እንዴት እንደደረሰ ሳታውቅ ክንዱ ጀርባዋን ደግፎ የውኃ ታንከሩ ደፍ ላይ አስቀመጣት። ቀጭን ነው ያለው ሰው ይህን ክንድ አያውቀውም። ጣቶቹን የእጅ አንጓዋ ላይ አድርጎ፣ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ።

«መቶ አሥራ ስምንት» አለ። «መቼ ነው የበላሽው?»

«ሐሙስ። ግማሽ ኪያር።»

ፊቱ ጠቆረ። «ማነው እንዲህ ያደረገሽ? ማን ምን አለሽ?»

ልትዋሽ አስባ ነበር። ድካሙ ግን ውሸቱን ሳይቀር አሟጦታል።

«እህትህ። ልብስ ላሰፋ ብላ ሱቄ መጥታ ነው። እኔ መሆኔን አላወቀችም። በር የምትሞላ ሴት ይዘሃል አለች፤ በቁሜ አይሆንም አለች።»

ጣቶቹ አሁንም አንጓዋ ላይ ናቸው፤ መቁጠሩን ግን ትተዋል።

«እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም» አለ በመጨረሻ።

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«አውቃለሁ። ሳንባህን ስታነሣ ዓይኗን አይቼዋለሁ። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ልብሱን ልትሞክር ትመጣለች። እሷ ክፉ እንዳልሆነች፣ እኔ ደግሞ ማን እንደሆንኩ እዚያው ትነግራታለህ? ወይስ ስፒሌን በአፌ ይዤ ዝም ልበል?»

ዓይኑን ወደ ወደቀው ድንጋይ አወረደ። እህቱ በማንኪያ ያበላችበት እጅ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በሁለቱ መካከል የተዘረጋ መሰላት። ተነሥታ አንሶላዎቹን በእጇ ገለጥ እያደረገች ሄደች። ይጠራኝ ይሆን እያለች በየእርምጃው ጆሮዋን አቆመች። የተከተላት የአንሶላው ድምፅ ብቻ ነው።

*

እሑድ በሦስት ሰዓት ባለመድኃኒት ቤቷ በስፒል በተያያዘው ቀሚስ ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ድንቡሼ ተንበርክካ የግርጌውን እጥፋት ትይዛለች። ዓይኗ ከሥራዋ እየሸሸ በሩ ላይ ያርፋል። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

«ከስተሻል እኮ!» አለች ሴትዮዋ ድንገት። «በጣም አምሮብሻል። ምን ተጠቀምሽ? ለደንበኞቼ እንድነግር ንገሪኝ እንጂ።»

ድንቡሼ አፏ ውስጥ አራት ስፒል ነበር። በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

በሩ ተከፈተ። ስንጥሩ ኮትም ሹራብም የለውም፤ አንድ ሸሚዝ ብቻ ለብሷል። ትከሻው እንደ ልብስ መስቀያ ከሸሚዙ ሥር ተሥሎ ይታያል። እንዲህ ሆኖ ከቤቱ ወጥቶ እንደማያውቅ ድንቡሼ ገባት።

«ምነው ልጄ! ሹራብህስ?» ጮኸች እህቱ። «ሳንባህን!»

«ደህና ነኝ እታለሜ። በር ትሞላለች ያሉሽ ሴት አለች አይደል? እግርሽ ሥር የተንበረከከችው እሷ ናት።»

ሴትዮዋ ልትንቀሳቀስ ሞክራ ስፒሉ ወጋት፤ ባለችበት ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ መጀመሪያ ወንድሟን፣ ቀጥሎ ድንቡሼን አየች።

«ደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ አሁን አምሮብሻል ያልሽው» አለ እሱ፣ «ረሃብ ነው። ሦስት ሳምንት። ካንቺ አፍ በወጣ አንድ ቃል።»

«እኔ... በማንኪያ ያሳደግሁህ ልጅ፣ ሰው ፊት ልታዋርደኝ መጣህ?»

«ያበላሽኝን አልረሳሁም፤ እስከ ሞቴ ድረስ አልረሳውም። ለእኔ ማንኪያ ይዘሽ ሁለት ዓመት ያለቀስሽ ሴት፣ ሌላ ሰው ሲራብ አምሮብሻል ስትይ መስማት አልቻልኩም። እወዳታለሁ እታለሜ። ለእሷ እንኳ ገና አልነገርኳትም፤ ቀድመሽ የሰማሽው አንቺ ነሽ።»

ድንቡሼ ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። አራተኛውን ለመሰካት ሁለት ጊዜ ሳተች።

«እትዬ፣ ወንድምዎን ልቀማዎ አልመጣሁም፤ ሱቄ የመጡት እርስዎ ነዎት» አለች። «ደም ግፊት ይኖርብኝ ይሆናል፤ ላይኖርብኝም ይችላል። የማውቀው ግን ይህን ልብስዎን ሦስቴ ፈትቼ መስፋቴን ነው፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ። ከእንግዲህ ሰው ዓይን ውስጥ ለማነስ ብዬ አልራብም። ለእርስዎም፣ ለእሱም።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትል ወደ ስንጥሩ አየች። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበላት።

ባለመድኃኒት ቤቷ ስፒሉ እየወጋት፣ እየተቃሰተች ጎንበስ አለች። በአውራ ጣቷ የድንቡሼን የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደታች ሳብ አድርጋ አየችው። የሥራ ልማዷ ነው።

«ነጭ ሆኗል» አለች በቀስታ። «ደም የለሽም። ነገ መድኃኒት ቤቱ ነይ፤ ግፊትሽንም እለካሻለሁ።»

«እመጣለሁ። ሚዛን ላይ ግን አልወጣም።»

«ማን ውጪ አለሽ?» አለች ሴትዮዋ ኮስተር ብላ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ልብሷን ቀይራ ስትሄድ ግን ወንድሟን ተከተለኝ አላለችውም፤ ይህን ሁለቱም ልብ ብለውታል። በሩ ላይ ደርሳም ዞር ብላ አንድ ጊዜ አየቻቸው። ፊቷ ተቆጥቶ ይሁን ሊያለቅስ ይሁን አልለዩትም።

ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። እሱ እጁን የት እንደሚያደርግ አጥቶ የልብስ ስፌት መኪናውን ዘንግ ያዘ። እሷ ከወለሉ አልተነሣችም። ነገ እንዴት እንደሚሆን አታውቅም፤ ሴትዮዋ ቤቷ ስትደርስ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል። የዘመዱ ሁሉ አፍ ገና አለ፤ ልቧም ቢሆን ገና ድው ድው ይላል። ግን ከልቧ ሥር፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ድምፁ ጠፍቶ የነበረ ነገር ሲነቃ ተሰማት።

እሷን በመሰለች ሴት አፍ ይህ ቃል ሲወጣ የሰው ከንፈር ጫፍ ለሳቅ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ፊት ተናግራው አታውቅም፤ ሁልጊዜ «በልቻለሁ» ነበር መልሷ። አሁን ቀና ብላ ዓይኑን እያየች አለችው፦

«ርቦኛል።»

ከንፈሩን ጠበቀች። አልተነቃነቀም። ዓይኖቹ ብቻ ውኃ ሞሉ፤ እጁን ዘርግቶ አነሣት። ከተነሣችም በኋላ እጁን አልለቀቀችም። ረሃቡ በመላ ሰውነቷ ሲዞር ለመጀመሪያ ጊዜ አላፈረችበትም።